የአንድ ገመድ ቤት

መሰላሌን ጭኜ ደረስኩ ከሃርዝ ተራራ ሥር፣
በጥቅምት አጋማሽ፣ ውርጩ ሣሩን ሲያስር።

ቤቱ የእንጨት ማገር፣ የጭቃ ልስን ነው፣
አራት መቶ ክረምት ቆሞ ያሳለፈው።
የቅርስ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፏል፦
«ግድግዳው አይበሳ፤ ዲሹም ከአንድ አይብለጥ፣ ከጓሮ ይሁን» ይላል።
ያለው አንድ ቀዳዳ፣ ያለው አንድ ገመድ፣
አባታቸው ድሮ ያወረደው በእጁ በጭስ መውጫው መንገድ።

ላይ ሮትራውት አለች፣ ታች ዚግሊንደ አለች፤
አንዷ ደረጃውን ስትረግጥ
ሌላዋ በሯን ዘግታ ትጠብቃለች።
ስድስት ዓመት ሞልቷል ከተኳረፉበት፤
ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ደረጃው አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ አየሁት፦
ነጭ ክብ ምልክት፣ ሰዓት የነበረበት።

ሮትራውት የምትወደው በበረዶ ላይ እየሮጡ መተኮስ፣
ዚግሊንደ የእሑድ ማታ ወንጀል፣ ሬሳው ከተገኘ ገዳዩ እስኪያዝ ድረስ።
አንዷ ጣቢያ ስትቀይር የሌላዋ ይጠፋል፤
«ሆን ብላ ነው» ይሉኛል ሁለቱም፣ ለየብቻ፣ በሹክሹክታ ቃል።

ሆን ብላ አይደለም።
ቋሚና አግድም አለ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ፣
አራት ሰማይ ነው ኤልኤንቢው የያዘው፤ ገመዱ የአንዱ ብቻ መተላለፊያ፣ እንደ ጠባብ በር ዘበኛ።
አንዷ ቋሚውን ስትሻ ሌላዋ አግድሙን፣
አሥራ ስምንቱ ቮልት ይረታል አሥራ አራቱን።

ሦስት ካርቶን አወረድኩ ከመኪናው ኋላ።
ባለ አራት አፍ ኤልኤንቢ፦ አራት ገመድ ይሻል። እዚህ ቤት? ሌላ!
ትልቁ ማከፋፈያ ሣጥን ለሆቴል ነው፣ ሠላሳ ክፍል የሚመግብ፤
ለሁለት አሮጊት፣ ለዝንብ መዶሻ፤ ዋጋውም የሚያሳስብ።
ሦስተኛው ትንሽ ነው፣ በመዳፍ የሚያዝ፣
ብልሃቱ ራሱ ውስጥ ያለ፣ በአንድ ገመድ አራት ሪሲቨር የሚያግዝ።
ለእያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ የግሉ ጎዳና፤
የጠየቀውን በዚያች ያወርድለታል፣ የጎረቤቱን ሳይነካ፣ በጤና።
(ስንጥቁንም ምረጡ፦ ዳዮድ ያለው፣ በሁለቱም እግሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ።
ሁለት ዩሮ ከአምሳ ያዳነ ሰው አውቃለሁ፤ ገናን ዋለ ሲለፍፍ።)

ከደረጃው መሐል ቆሜ ጠየቅሁ፦
«አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር የማን ይሁን? አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያስ?»
«የፊተኛው የኔ!» አለ ከላይ። «የፊተኛው የኔ!» አለ ከታች ሲደርስ።
«አንዱን ቁጥር ሁለት ሰው ከያዘው
ሁለቱም ይጨልማል፤ ምርጫው ይኸው ነው።»

ዝም።
ውርጩ ቀልጦ ከጣሪያው ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፤
እኔስ ጠብ ብዬ የሰማሁት ይኼን ብቻ ይመስለኛል።

ሪሲቨር ምግባር አለው። ሲፈልግ ለቅጽበት ድምፁን ያነሣል፣
ይጠይቃል፣ ወዲያው ዝቅ ብሎ መንገዱን ይለቃል።
ሁለቱ እኩል ከጮኹ ማንም አይሰማም፤
አንዱ ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። አያኮርፍም።
ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ከላይ መጣ፦
«ይሁን፣ ለሷ ስጣት። ታላቅ ናት።»
ከታች፦ «በዘጠኝ ደቂቃ!» የሚል ቃል ወጣ።
ለኔ ነበር ሁለቱም የተናገሩት፤
በኔ በኩል አለፈና ሄደ፣ እንደ ሽቦ ቆምኩለት።

ሁለቱን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፌ
ነጩ ክብ ላይ ለጠፍኩት፤
ሒሳቤን ከየበሩ ግማሽ ግማሽ ተቀበልኩት።

በጥር ዚግሊንደ ደወለች። «ዲሹን በረዶ ሸፈነው እንዴ?»
«የእርስዎ ይታያል?»
«የኔ ደኅና ነው። የሷ ግን... ከትናንት ወዲህ ተኩስ አልሰማሁም፣ አንዴ።»
«እንግዲያው በረዶ አይደለም» አልኳት።
«እኔ ሩቅ ነኝ። መሰላልም አይሻም፤ አሥራ አራት ደረጃ ነው፣ ይውጡ።»
ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው፤
የእንጨቱን ድምፅ ቆጠርኩ፦
አንድ፣
ሁለት፣ ሦስት፣
አረፍ አለች፣
አራት።